የማለስለሻው ቁጥር

በአቶ ልሳነወርቅ አንጎል ውስጥ አንዲት ሴት ወንበር ላይ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራ ነበር። ከቀኝ ጆሯቸው ሦስት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ። ያየኋት ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ሰዓቱን የምናገረው ምስሉ ላይ ስለተጻፈ እንጂ ሰዓት የምከታተል ሰው ሆኜ አይደለም።

ሥራዬ የአንጎል ምስል ማንሳት ነው። ትንሽ ጨረር ያለው መድኃኒት በደም ሥር እወጋለሁ፤ መድኃኒቱ ከደም ጋር ጭንቅላት ውስጥ ይገባና እዚያው ይቀራል። ከዚያ ሁለት ራስ ያለው ካሜራ በሰውየው ጭንቅላት ዙሪያ እየዞረ ስልሳ አራት ቦታ ላይ ይቆማል፤ በየቦታው ሃያ አምስት ሴኮንድ። ግማሽ ሰዓት ግድም ይፈጃል። ካሜራው ጭንቅላቱን ሳይነካ በጣም መጠጋት አለበት፤ ትከሻ ግን አያስጠጋም። ሰው ሲፈራ ትከሻውን ወደ ጆሮው ይሰበስባል፤ እኔ ጋ የሚመጣ ሰው ደግሞ ሁሉም ይፈራል። ግማሹ የሥራ ሰዓቴ የሚያልቀው «ትከሻዎን ዝቅ ያድርጉልኝ» በማለት ነው።

ሲያልቅ ቁጥር መምረጥ አለ። ካሜራው ያመጣው ጥሬ ነገር እንደተደፋ ጤፍ የተበተነ ነጠብጣብ ስለሆነ መለስለስ አለበት። የማለስለሻው ቁጥር ከፍ ሲል ምስሉ ሻካራ ይሆናል፤ ጥቃቅኑ ሁሉ ይታያል፤ ከጥቃቅኑ ጋር ካሜራው ከራሱ የጨመረው እንክርዳድም አብሮ ይታያል። ይህን እንክርዳድ ኖይዝ እንለዋለን። ቁጥሩ ዝቅ ሲል ሁሉም ነገር ልስልስ ይላል። ከእኔ በፊት የነበረው ጋሽ ይርዳው የክፍሉ ደብተር ላይ «0.50» የሚለውን በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ አስምሮበት ጡረታ ወጣ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማንም አልነካውም። ለምን 0.50 እንደሆነ ስጠይቅ «ጋሽ ይርዳው ያለው ነዋ» አሉኝ። ለጋሽ ይርዳው ራሱ ደወልኩለት። «ስመጣም እንዲያው ነበር፤ እኔ ያሰመርኩበት ብቻ ነኝ» አለኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ ማሽን ላይ ተስተካክሎ የተቀመጠ ምስል ወደ ሰውየው ይመለሳል። ከምስሉ ላይ የጠፋው ከሰውየውም ይጠፋል። ማሽኑን የተከለው ኢንጂነር ይህን የነገረን ዕቃውን ወደ ሻንጣው እየሰበሰበ ነው፤ «ሁሉም እንዲህ ነው» ብሎ የርክክቡን ወረቀት አቀረበልን። ፈረምን። በ0.50 የሚጠፋው ትንሽ ስለሆነ እስከ ዛሬ ቅሬታ ያቀረበ የለም። ሰዎች ቁልፋቸውን የት እንዳስቀመጡ ይረሳሉ፣ የጎረቤት ስም ይረሳሉ። ድሮም እኛ ጋ የመጡት ስለሚረሱ ነው።

ያን ሐሙስ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ቁጥሩን 0.70 አደረግሁት። ውሸቴን ነው፤ ምን እንደነካኝ አሳምሬ አውቃለሁ። ሰልችቶኝ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የጄኔራሉንም የሊስትሮውንም ጭንቅላት አንድ ዓይነት ገንፎ አድርጌ ሳቀርብ ኖሬ፣ አንድ ቀን እንኳ ጥሬውን ቀረብ ብዬ ልየው አልኩ። ሴትየዋ ታየች። ቢበዛ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ራሷን በሻሽ አስራለች። ቀና ብላ አላየችኝም፤ ዓይኗ መርፌዎቿ ላይ ነው።

ዶክተር ኅሩይን ጠራኋቸው። የክፍሉ ኃላፊ ናቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው ስክሪኑን አዩት።

«ኖይዝ ነው» አሉ።

«ሹራብ እየሠራች ነው ዶክተር።»

«ኖይዝ የማይሠራው ነገር የለም። እኔ የምፈልገው በጎንና በኋላ በኩል የደም ዝውውሩ ቀንሷል አልቀነሰም የሚለውን ነው። አለስልሰው አጥናፉ። እንዲያውም 0.30 አድርገው፤ ለስብሰባ ላቀርበው ስለሆነ ይመርልኝ።»

ይህን ብለው ሄዱ። ምስል እንዲያምር መፈለግ በእኛ ክፍል እንደ ሙያ ይቆጠራል። በልስልስ ምስል ላይ የተጻፈ ሪፖርት ማንም አይጨቃጨቅበትም።

በሩን ስላልቆለፍኩት ወይዘሮ አሰገደች ገቡ። የአቶ ልሳነወርቅ ባለቤት ናቸው። ባላቸው ከመስታወቱ ወዲያ ካሜራው ሥር ተኝተዋል፤ እሳቸው የባላቸውን ኮት ክንዳቸው ላይ አጥፈው ይዘዋል። «ሲነሳ ብርድ እንዳይመታው ብዬ ነው» አሉ። አስታማሚ እዚህ መግባት ክልክል ነው። ይህን ልነግራቸው አፌን ስከፍት ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ አርፎ ነበር።

«ይቺ ስንዱ ናት» አሉ።

ድምፃቸው አልተለወጠም። ወንበር ሳብኩላቸው፤ አልተቀመጡም። አቶ ልሳነወርቅ የመንገድ ቀያሽ ነበሩ። ከመጋባታቸው በፊት ሁለት ዓመት ደብረ ብርሃን አካባቢ መንገድ ሲቀይሱ ቆይተዋል። ሰርጉ ባለፈ በሳምንቱ ወይዘሮ አሰገደች የባላቸውን ሻንጣ ሲያራግፉ ከሥር የዚህችን ሴት ፎቶ አገኙ፤ ጀርባው ላይ ስሟ ተጽፏል። መልሰው ቦታው አስቀመጡት። ሆድ ይፍጀው ብለው አርባ አንድ ዓመት ኖሩ።

«አንድ ቀን ስሟን አንስቶ አያውቅም» አሉኝ። «መርሳት ከጀመረው ወዲህ ግን እኔን ስንዱ ይለኛል። ስንዱ ውሃ ስጪኝ ይላል፤ እሰጠዋለሁ። ስንዱ እግሬን በረደኝ ይላል፤ እሸፍነዋለሁ። አርባ አንድ ዓመት የለፋሁት እኔ፣ ተባረኪ የምትባለው እሷ። ለመሆኑ እኔስ የት ነኝ?»

ፈለግኋቸው። ምስሉ እንደ ዳቦ ከላይ እስከ ታች ስልሳ አንድ ቁራጭ ይሆናል፤ ሁሉንም አንድ በአንድ አገላበጥኩ። ግንባር በኩልም አየሁ፣ ማጅራት በኩልም አየሁ። ቀለሙንም ቀያየርኩ።

«የሉም» አልኳቸው።

«እሷን አጥፋልኝ።»

«ከዚህ ከጠፋች ከሳቸውም ትጠፋለች። ተመልሳ አትመጣም።»

«ታዲያ ምን እያልኩህ ነው ልጄ?»

ሁለት ሰው ያዘዘውን ነገር ማድረግ ይቀላል። አንዱ ሲጠይቀኝ በሌላው አሳብባለሁ። 0.60 ላይ ሻሿ ጠፋ። 0.50 ላይ መርፌዎቹና ጣቶቿ አንድ ላይ ሄዱ። 0.40 ላይ ቀና ያለች መሰለኝ፤ ፊቷ ግን አልነበረም። 0.30 ላይ ባዶ ወንበር ቀረ፤ እሱም ደብዝዞ። አስቀምጥ የሚለውን ተጫንኩ። ወይዘሮ አሰገደች በረጅሙ ተነፈሱ። እኔም ተነፈስኩ። ሁለታችንም ጥሩ ሥራ የሠራን መስሎን ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለን።

አቶ ልሳነወርቅ ከአልጋው ወርደው ጫማቸውን አደረጉ። እኔን አመሰገኑኝ። ሚስታቸው ኮቱን ዘርግተው ሲጠጉ አቶ ልሳነወርቅ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለው እጅ ነሱ።

«አይቸገሩ እመቤቴ፤ ራሴ እለብሰዋለሁ» አሉ። «እርስዎም ተራ እየጠበቁ ነው?»

ወይዘሮ አሰገደች ኮቱን አቀበሏቸው።

«አዎ» አሉ።

ማክሰኞ ወይዘሮ አሰገደች ተመልሰው መጡ፤ ብቻቸውን። ከስተዋል፤ በአምስት ቀን ሰው እንዲህ ይከሳል ብዬ አላስብም ነበር። እቤት ያለውን ነገሩኝ። አቶ ልሳነወርቅ ቀኑን ሙሉ ኮታቸውን ለብሰው ሶፋው ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ የሰው ቤት እንግዳ ሆነው። ምግብ ሲቀርብላቸው «እግዜር ይስጥልኝ፣ በልቻለሁ» ይላሉ። አልበሉም። አንሶላ ሲገለጥላቸው «የሰው ሚስት ነዎት፤ ነውር ነው» ብለው ወለል ላይ ተኙ። የመንደሩ ሰው ሊጠይቃቸው ሲመጣ ሹክ ብለው «እቺ ሴትዮ ደግ ናት፤ ግን ለምን አትለቀኝም?» ይሉታል።

«መልስልኝ» አሉኝ ወይዘሮ አሰገደች።

«ማንን?»

«ስንዱን ነዋ። በሷ ስም ቢሆንም ያናግረኝ ነበር። ከእጄ ይበላ ነበር። ስንዱ እያለ እኔን ነበር የሚያቅፈው። እኔ ቀናተኛዋ፣ እኔ ደደቧ።»

አንጀቴን በሉት። ግን በእኛ ክፍል ዲስኩ ትንሽ ስለሆነ ጥሬው ሁሉ አርብ አርብ ይሰረዛል፤ የሚቀረው የተስተካከለው ብቻ ነው። ከገንፎ ደግሞ ዱቄት አይወጣም። ይህን ስነግራቸው አልተቆጡም። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አሰቡ።

«እንግዲያው እኔን አስገባኝ» አሉ። «ወንበሩ ባዶ ነው ብለሃል።»

ዶክተር ኅሩይን ማስፈቀድ ነበረብኝ። እውነቱን ነገርኳቸው። ሰምተው ሲያበቁ «ታካሚው ስለተንቀሳቀሰ ይደገም ብለህ ጻፍ፤ የቀረውን እኔ አልሰማሁም» አሉ። መጥፎ ሰው አይደሉም። ጆሯቸውን የት መዝጋት እንዳለባቸው የሚያውቁ ሰው ናቸው።

መድኃኒቱ የሚደርሰን ሐሙስ ብቻ ነው። ሐሙስ ጠዋት ወይዘሮ አሰገደች ሹሩባ ተሠርተው መጡ። በስልሳ ሦስት ዓመታቸው ሹሩባ ከተሠሩ ስንት ጊዜያቸው እንደሆነ እንጃ። ብርቱካን ቀለም ያለው ቀሚስ ለብሰዋል፤ አንገትጌው አዲስ መሆኑን ያስታውቃል። ከሩቅም ቢሆን እንዲታዩ ነው የለበሱት። አቶ ልሳነወርቅ ሁለት ሜትር ርቀው ይከተሏቸዋል።

እዚህ ላይ ነው ያጠፋሁት። ሌላው ሁሉ በሰው ይሳበባል፤ ይሄኛው የራሴ ነው።

መርፌ የምንወጋበት ክፍል ትንሽ ነው፤ መብራቱ ደብዘዝ ያለ ነው። ደንቡ እንዲህ ይላል፤ ታካሚው ብቻውን፣ በዝምታ፣ ዓይኑን ገልጦ ይቀመጥ፤ ማንም አያናግረው። ምክንያቱም መድኃኒቱ አንጎል ውስጥ ገብቶ በሩን የሚዘጋው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ነው። የሚይዘው የዚያችን ሁለት ደቂቃ አንጎል ነው። ካሜራው ከሰዓት በኋላም ቢመጣ ግድ የለም፤ የሚያነሳው በመርፌዋ ሰዓት የነበረውን ነው። ይህን ለስንት ተማሪ አስተምሬዋለሁ። ፈተና ላይ የማወጣውም እኔ ነኝ። ወይዘሮ አሰገደች ባላቸውን ተከትለው ሊገቡ ሲሉ ግን አፌ እንደለመደው «አስታማሚ ውጭ ይጠብቅልን» አለ። ዘጠኝ ዓመት የተናገርኩትን ነው የተናገርኩት። እሳቸውም የመንግሥት ቤት ደንብ የሚያከብሩ ሰው ናቸው፤ በሩ ጋ ቆሙ። እኔው ዘጋሁት፤ በበሩ ትንሽ መስታወት እያዩ ቀሩ።

የአቶ ልሳነወርቅ ደም ሥር አስቸገረኝ። አንዴ ስቼ እንደገና ስፈልግ ጎንበስ ብዬ ክንዳቸውን ደገፍኩ። «አይዞዎት አባቴ፣ አሁን ያልቃል» አልኳቸው። እሳቸው ክንዳቸውን አላዩም። እኔን ነው ያዩት፤ ሰው ከጠፋበት አገር የአገሩን ልጅ እንዳገኘ ሰው። ወጋሁ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ካሜራው ሥር አስተኛኋቸው። ያኔ ለወይዘሮ አሰገደች ትልቅ ውለታ የዋልኩ መስሎኝ በራስጌ በኩል ወንበር አስቀመጥኩላቸው። «እንግዲህ ግማሽ ሰዓት አለዎት፤ ያናግሯቸው፤ ጭንቅላታቸው እንዳይነቃነቅ ብቻ» አልኩ። ካሜራው መዞር ጀመረ። ከመስታወቱ ወዲህ ሆኜ በድምፅ ማጉያው እሰማቸዋለሁ።

«አሰገደች ነኝ» ይላሉ። «አሰገደች። ኮተቤ ቤት የሠራን ጊዜ ጭቃውን ያቦካሁት እኔ ነኝ። ወባ ይዞህ ከአርባ ምንጭ ስትመጣ ያስታመምኩህ እኔ ነኝ። ቲማቲም አትወድም። ስትተኛ በግራ ጎንህ ነው። አሰገደች ነኝ።»

«ደስ ይላል እመቤቴ» ይላሉ አቶ ልሳነወርቅ፤ ጭንቅላታቸውን ሳይነቀንቁ።

ካሜራው አርባኛው ቦታ ላይ ሲደርስ ትዝ አለኝ። መድኃኒቱ በሩን ከዘጋ አንድ ሰዓት አልፎታል፤ ሴትየዋ የሚያንኳኩት ግድግዳ ነው። ልነግራቸው ማይክራፎኑን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። ምን እላለሁ? ሃያ አራት ቦታ ይቀር ነበር። እስኪያልቅ ድረስ አወሩ፤ የቤቱን ቁጥር፣ የውሻቸውን ስም፣ ባላቸው ያጠፏቸውን ጥፋቶችና እሳቸው ይቅር ያሏቸውን ሁሉ አወሩ።

ከዚያ መጥተው ከኋላዬ ቆሙ። ሹሩባቸው ቅቤ ቅቤ ይሸታል። 0.30 ላይ ያ ደብዛዛ ባዶ ወንበር ታየ። 0.50 ላይ ወንበሩ ጎላ፤ ወንበሩ ላይ ነጭ ነገር አለ። ወይዘሮ አሰገደች ትከሻዬን ያዙ። 0.70 ላይ ሰው ሆነ።

«ማነው?» አሉ።

ነጭ ጋውን የለበሰ፣ ጎንበስ ያለ፣ ራሰ በራ። ደረት ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ ሰክቷል።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

እጃቸውን ከትከሻዬ ላይ አነሱ። እውነቱን ሁሉ ነገርኳቸው፤ መርፌውን፣ ሁለቱን ደቂቃ፣ በሩን የዘጋሁትን። ይሰድቡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ሌላ ጊዜ ይደገማል?»

«ሦስተኛ አይፈቀድም። ጨረር ነው።»

«ዝቅ ብታደርገውስ ምን ይቀራል?»

«ወንበሩ።»

ከመስታወቱ ወዲያ አቶ ልሳነወርቅ ጣሪያውን እያዩ በትዕግሥት ተኝተዋል።

«ተወው» አሉ ወይዘሮ አሰገደች። «ሰው ይኑርበት።»

በ0.70 አስቀመጥኩት። አቶ ልሳነወርቅ ቀና ብለው በመስታወቱ ውስጥ አዩኝና ፊታቸው በራ። «አንተ ልጅ፣ የት ጠፍተህ ነው?» አሉኝ። ወይዘሮ አሰገደች ኮቱን ለእኔ ሰጡኝ። አቶ ልሳነወርቅ ከእኔ እጅ እሺ ብለው ለበሱ። ክንዳቸውን ይዤ እስከ በሩ ድረስ ሸኘኋቸው፤ ስለ መንገድ አቀያየስ እያወሩልኝ፣ እየሳቁ። ባለቤታቸው ሁለት ሜትር ርቀው ከኋላ ይከተሉናል። በሩ ጋ ስንደርስ ጠጋ ብለው፣ «እሑድ ትመጣለህ» አሉኝ። «ከአንተ እጅ ይበላል።»

«እሺ» አልኩ።

«ረቡዕም።»

«እሺ።»

ታክሲ ውስጥ አስገብቻቸው ተመለስኩ። ስክሪኑ እንደተከፈተ ነው። ምስሉ ተቀምጧል፤ ሥራው አልቋል። ጥሬው ግን እስከ ነገ ድረስ አለ። ቁጥሩን ከ0.70 አሳለፍኩት። 0.80። 0.90። ከዚህ በላይ ማንም አይሄድም፤ የሚታየው እንክርዳድ ብቻ ነው። ነጠብጣቡን ቀስ እያልኩ ገፋ አድርጌ አየሁ። ከወንበሩ ጀርባ የተዘጋ በር አለ። በሩ ላይ ትንሽ መስታወት አለ። መስታወቱ ውስጥ ብርቱካን ቀሚስ የለበሰች፣ ሹሩባ የተሠራች ሴት ቆማለች። እጇን አንስታ ታንኳኳለች። ወንበሩ ላይ ያለሁት እኔ፣ ዞር ሳልል፣ ዝም እንድትል ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁ።